የአቶ ውቤ ተራ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሽ መኮንን መጀመሪያ ያሉኝ ነገር «ከንፈርሽን ጥረጊ» የሚል ነው። ደነገጥኩ። የተቀጠርኩት ለዕቃ አጣቢነት ነበርና ከንፈሬ ከሥራው ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባኝም። ጠረጴዛው ላይ ቡናማ ከፋይ ዘርግተው ብዮች ደርድረውበታል። «ከነዚህ ውስጥ የመስታወቱ የትኛው ነው?» አሉኝ።

ሁሉም አንድ መሰሉኝ፤ ይህንኑ ነገርኳቸው። ሳቁና አንዱን አንስተው ከላይኛው ከንፈራቸው ላይ አስነኩት። «ድንጋይ ቅዝቃዜውን ቶሎ አይለቅም። መስታወት ግን ገና ስትነኪው ይሞቃል። እጅ ይዋሻል፣ ከንፈር አይዋሽም» አሉኝ። ሞከርኩት። እውነታቸውን ነበር።

ሱቃችን ኮልፌ ገበያ ጠርዝ ላይ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ ጀርባ ነበረች። ዘመኑ የጃንሆይ መንግሥት የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። አሮጌ ዶቃ፣ የቀለበት ፈርጥ፣ የብር ጌጥ እየገዛን ፒያሳ ላሉ ነጋዴዎች እናስረክባለን። እነሱ ደግሞ ለፈረንጅ ይሸጣሉ። ከሁሉ የሚፈለገው ግን በእጅ የተሠራ የድንጋይ ብይ ነበር። ጋሽ መኮንን ድንጋዩን ከፈረንጆቹ በሰሙት ስም «አጌት» ይሉታል። የኮልፌ ሙስሊም ነጋዴዎች አቂቅ ነው የሚሉት፤ እኔም አፌ የለመደው ይኸኛው ነው።

በእጅ የተሠራ የአቂቅ ብይ ፍጹም ድቡልቡል አይደለም። ሠሪው መሳያ ድንጋይ ላይ እያገላበጠ ሲስለው ትናንሽ ጠፍጣፋ ገጾች ይቀሩበታል። መስኮት ዳር ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ ስታዞሩት ገጾቹ አንድ በአንድ ብልጭ ይላሉ። የፋብሪካው ላይ ይህን አታገኙም።

ሌላው ምልክት ጨረቃ የምንለው ነው። ሁለት የድንጋይ ብዮች ሲጋጩ ላያቸው ሳይፈርስ ከውስጥ ይሰነጠቁና የማጭድ ቅርጽ ያለው ምልክት ይቀራል። አዲስ ጨረቃ እንደ ወተት ነጭ ነው። ሲቆይ የእጅ ወዝና አፈር ይገባበትና ይጠቁራል፤ ከዚያ ወዲያ ብታጥቡት አይለቅም። ጨረቃ ያለው ብይ ሰው የተጫወተበት ነው ማለት ነው።

ከአጣቢነት ወደ ለዪነት፣ ከዚያም ወደ ገዢነት አደግሁ። ጋሽ መኮንን ደግ ሆነው ያሳደጉኝ እንዳይመስላችሁ። ቀን ቀን ቤት የምትገኘው ሚስት ናት፤ ሚስት ደግሞ ለማታውቀው ወንድ በር አትከፍትም። እኔ ሳንኳኳ ግን ይከፈታል። ድንጋዩን አግኝቼ ስመለስ ዋጋውን እሳቸው ሄደው ይነጋገራሉ።

ጋሽ መኮንን አንድ ዐመል ነበራቸው። ድንጋይ ሲያዩ እጃቸው ከአፋቸው ይቀድማል። ገና «እንደምን ዋላችሁ» ብለው ሳይጨርሱ የሰው ዕቃ ከከንፈራቸው ላይ ነው። አንድ ጊዜ ሰርግ ቤት የአንዲትን እመቤት እጅ ከነቀለበቱ ወደ አፋቸው ሲወስዱ ባልየው አይቶ ሊጣላቸው ነበር። የኛን ሙያ የማያውቅ ሰው ይህን እንዴት አድርጎ ይረዳዋል?

ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወረድ ብሎ አባባ ከድር የሚባሉ አናጢ ነበሩ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር መዶሻውን ሰቅለው ቤት ዋሉ። ጎረቤታቸው አቶ ውቤ የጎጃም ሰው ሲሆኑ ዘበኛ ነበሩ። እነዚህ ሁለት ሽበታም ሰዎች ከሰዓት በኋላ እየተገናኙ ብይ ይጫወቱ ነበር፤ የሌላውን ብይ እየመታ የራሱን መሬት ላይ የተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ያስገባ ያሸንፋል። የሰፈሩ ልጆች አጥር ላይ ተሰቅለው ይስቁባቸዋል፤ እነሱ ግን ደንታም የላቸው። የሚጫወቱባቸው ሁለት ብዮች የአባባ ከድር ናቸው፤ ሲራራ ነጋዴ ከነበሩት አባታቸው የወረሷቸው። ቀዩን ለአቶ ውቤ ሰጥተው ግራጫውን ለራሳቸው ያዙ።

አንድ ቀን አቶ ውቤ የርስት ሙግት ኖሯቸው ወደ አገራቸው ለመሄድ ተነሡ። ሻንጣቸውን አሥረው፣ መኪናው እስኪመጣ አንድ ጨዋታ ብለው ጀመሩ። ተራው የሳቸው ሆኖ ሊመቱ ሲያነጣጥሩ ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። «ተራዬ ነው፤ እስክመለስ እንዳትነካው!» ብለው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤም ወሬም አልመጣም።

ክረምቱ አልፎ ሌላ ክረምት ሲመጣ የዕድሩ ሰዎች «ዘመድ የለው፣ እንግዲህ እኛው እናልቅስለት» አሉ። አባባ ከድር ድንኳኑን ከበር መለሱት። «ተራው ሳያልቅ ማንም አያለቅስም» አሉ። ሰዉ አዘነላቸው እንጂ አልተቆጣቸውም። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ጎረቤቶቻቸው ቤት ዶቃ ስገዛ ነው። ቀዩን ብይ አጥር አሻግሬ አይቼ ለጋሽ መኮንን የነገርኳቸውም እኔው ነኝ፤ ከነታሪኩ ነግሬያቸዋለሁ።

አብረን ሄድን። አባባ ከድር በር ከፍተው አስገቡን። ጨዋታው ያለው ታዛው ሥር፣ ዝናብ የማይደርስበት በጭቃ የተለቀለቀ መሬት ላይ ነው። ግቢው ወደ ውጭ በር ያዘቀዝቃል፤ ጉድጓዱ ግን ላይ፣ ከቤቱ ደረጃ አጠገብ ነው። ግራጫው ብይ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ አለ። ቀዩ ከሱ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል።

«እንደምን ዋሉ አባባ» ያሉት ጋሽ መኮንን ጎንበስ ብለው ነው። ቀና ሲሉ ቀዩ ብይ ከንፈራቸው ላይ ነበር።

«ያ ረቢ! ምን አደረግህ አንተ ሰው?» ብለው አባባ ከድር ጮኹ።

«አባባ፣ ይቅርታ፣ ልማድ ሆኖብኝ...»

«ተራው የሱ ነበር! አሁን ከየት ይጫወት? ንገረኛ፣ ከየት ይጫወት?» አሉ ሽማግሌው። ጋሽ መኮንን ፊታቸው ቀልቶ ብዩን እጄ ላይ አስቀመጡና «አንቺ ቆይተሽ አስተካክዪላቸው» ብለው ወጡ። ሰው ፊት እንዲያ ሲያፍሩ አይቻቸው አላውቅም።

ብዩን በቀሚሴ ጫፍ ጠርጌ አገላብጬ አየሁት። ገጾቹ በሙሉ አሉ። ጨረቃዎቹም ብዙ ናቸው፤ ሁሉም የጠቆሩ። ከዚያ የነበረበትን ቦታ ለመፈለግ ተንበረከክሁ። ከባድ ድንጋይ ለስላሳ ጭቃ ላይ ሲቆይ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ምልክት ይተዋል፤ እሱን ባገኝ ሥራዬ አለቀ ብዬ ነበር።

አንድ ምልክት አይደለም ያገኘሁት። ከታች፣ ከበሩ በኩል ጀምሮ ወደ ጉድጓዱ የሚወጣ ረድፍ ነው። የታችኞቹ አቧራ ሞልቷቸው ሊጠፉ ደርሰዋል። ወደ ላይ በመጣሁ ቁጥር እየጠሩ ይሄዳሉ። የመጨረሻው ትኩስ ነው፤ ጠርዙ እንኳ አልተሸረፈም። ብዩን እዚያ ሳስቀምጠው ልክክ ብሎ ገባ። ጎርፍ ቢሆን ኖሮ ቁልቁል ነበር የሚወስደው።

«አየሽው?» አሉኝ አባባ ከድር፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ማነው የሚያንቀሳቅሰው አባባ?»

«ጎህ ሲቀድ ለሱብሂ ሶላት ስነሳ ቀረብ ብሎ አገኘዋለሁ። ሁልጊዜ አይደለም፣ አንዳንድ ቀን። ሰው ነው ብዬ አመድ ነሰነስኩ። ወላሂ፣ የድመት ዱካ እንኳ የለበትም። ለሰው ብናገር አረጀ፣ ጃጀ ይሉኛል። አንቺ ግን በዐይንሽ አየሽ።» ወደ ቀዩ ብይ እያዩ «ተራውን የሚጫወት ሰው በሕይወት አለ ማለት ነው። አይደለም እንዴ የኔ ልጅ?» አሉኝ።

ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳልሰጥ ወጣሁ። ጦር ኃይሎች እስካለው ቤቴ ድረስ አውቶቡስ መሳፈር ስችል በእግሬ ሄድኩ፤ ፌርማታ ላይ ብቻዬን መቆም አስፈርቶኝ ነው። ለጋሽ መኮንን ስነግራቸው «አይጥ ይሆናል» አሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ «አይጥ ነው» አሉ። ስለ ግዢው ግን አላነሱም።

የክረምቱ ዝናብ ሊያባራ ሲል አባባ ከድር ሰው ላኩብኝ። ጠዋት ደረስኩ። ታዛው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አጠገባቸው ያለው ሻይ ከብርጭቆው ይልቅ ማስቀመጫው ላይ ይበዛል። በጣታቸው ጉድጓዱን አሳዩኝ። ቀዩ ብይ ገብቷል። ግራጫው ከጉድጓዱ አፍ ተነሥቶ ቁልቁል ተንከባሎ ታች የአጥሩ ግንብ ሥር ሄዷል።

«አንቺ ድንጋይ ታውቂያለሽ» አሉኝ። «ሰው በእጁ ከትቶት እንደሆነ ንገሪኝ። አዝኖልኝ ወይም ሊያሾፍብኝ የከተተው ካለ፣ ልወቀው።»

«ላንሳው አባባ?»

«አንሺው። እሱስ ጨርሷል።»

ማጉያ መነጽሬን አውጥቼ ወደ ብርሃኑ ዞርኩ። ቀዩን ቀስ ብዬ አዞርኩት። ከጠቆሩት ጨረቃዎች መካከል አንድ አዲስ አለ፤ ወተት የመሰለ። ባለፈው አልነበረም። ሄጄ ግራጫውን አየሁት። እሱም ላይ አለ፤ ልኩ ያው ነው። ጨረቃ በመዶሻም በጥፍርም አይወጣም፤ መዶሻ ይሸርፋል እንጂ። አቂቅ አቂቅን ሲመታ ብቻ ነው እንዲያ የሚሆነው። ከታች ተመትቶ፣ ግራጫውን አስፈንጥሮ ነው የገባው። ያንን ምት የሚመታ ሰው ጣቱ የጸና መሆን አለበት። የአባባ ከድር እጅ ሻይ እንኳ አይችልም።

መዋሸት እችል ነበር። «ሰው ነው የከተተው» ብላቸው ተስፋቸውን ይዘው ይቆዩ ነበር። ግን ሙያዬን ብለው ነው የጠሩኝ።

«በእጅ የተከተተ አይደለም አባባ። መትቶ ነው የገባው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እንባቸው ጺማቸው ውስጥ ገባ። «ውቤ መትቶ ከገባ በኋላ አይቆይም። ስንጫወት ኮቱን አጥሩ ላይ ነው የሚሰቅለው። ሲያሸንፍ አንስቶት ‹በል ከድር፣ ደኅና እደር› ብሎ ነው የሚሄደው። እንግዲህ ሄዷል።» እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ።

የዕድሩን ዳኛ ራሳቸው ሄደው ጠሩ። ድንኳኑ እሳቸው ግቢ ተተከለ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተቀምጦ ለአቶ ውቤ አለቀሰ። ቀዩን ብይ ወደ ጉድጓዱ፣ ግራጫውንም ወደ ግንቡ ሥር መልሼ ስለነበር ማንም አልነካቸውም።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ጋሽ መኮንን «እንደው ምናልባት ይሸጡት እንደሆነ፣ ጠይቂ፤ እንዳትነኪ ግን» ብለው ላኩኝ። አባባ ከድር ፊታቸው ፈክቶ ተቀበሉኝ። «ለመኮንን ንገሪው፣ ገና ጨዋታ ላይ ነን። አሁን ተራው የኔ ነው» አሉ።

ግራጫውን ፈለግሁ። ግንቡ ሥር የለም። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ጉድጓዱ በኩል ትንሽ ወጣ ብሏል፤ ከኋላው ትኩስ ምልክት ትቷል።

«ማን መታው አባባ?»

«ማን ይመታዋል ታዲያ፣ እኔ ነኛ!» ብለው ሳቁና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ። እጃቸው አይንቀጠቀጥም። እንደ ግድግዳ ጸጥ ብሏል። ጨበጥኩት፤ ቅዝቃዜው እስካሁን መዳፌ ላይ አለ።

ከዚያ በኋላ በዚያ ሰፈር ባለፍኩ ቁጥር አጥሩን አሻግሬ አይ ነበር። ግራጫው ብይ ሁልጊዜ ቀረብ ብሎ አገኘዋለሁ። አባባ ከድር ከታዛው ሥር ሆነው እጃቸውን ያወዛውዙልኛል፤ ያ እጅ እንደ ወጣት እጅ ሆኗል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልሆነልኝም፤ ቀዩ ጉድጓድ ሲገባ የሆነውን አውቃለሁ። ሮጬ ገብቼ ያንን ድንጋይ ብወረውረው ብዬ የተመኘሁባቸው ቀናት አሉ።

አንድ ጠዋት ልብስ ሰፊዎቹ አባባ ከድር ማረፋቸውን ነገሩን። ከቀብር መልስ ከጋሽ መኮንን ጋር ግቢያቸው ገባን። ሰዉ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ጋሽ መኮንን ወደ ታዛው ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ሁለቱም ብዮች ጉድጓዱ ውስጥ ጎን ለጎን ነበሩ። እንደነሱ ያለ ጥንድ በሥራ ዘመኔ ሁሉ አላየሁም። ጋሽ መኮንን ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩአቸው። እጃቸው ከኮታቸው ኪስ አልወጣም።

ብዮቹን ሳንነካ ጉድጓዱን በላያቸው በአፈር ሞላነው። እኔ በኋላ ሱቁን ተረክቤ ብዙ ገዢ አሠልጥኛለሁ። ከንፈሩንም፣ ገጹንም፣ ጨረቃውንም አስተምራለሁ። መጀመሪያ የማስተምረው ግን ይህን ነው፦ ድንጋዩን ከማንሳትህ በፊት ባለቤቱን ጠይቅ፤ የሚመልስልህ ከሌለ አታንሳው።