እናቴ የከለከለችን ውሃ

ፀሐይ ሲመታው የዋለ ድንጋይ ሽታ አለው። ምን ምን እንደሚል በትክክል ልነግራችሁ አልችልም፤ ትንሽ አቧራ፣ ትንሽ ብረት፣ ትንሽም የተቆላ ነገር ይሸታል። ባለፈው እሑድ ከእናቴና ከልጄ ጋር ከሮምሶስ ሰፈር ፎቆች ጀርባ ያለው ኮረብታ ላይ ወጥተን፣ ደክሞኝ አንዱ ሰፊ ድንጋይ ላይ ጋደም ስል ያ ሽታ መጣብኝ። ኦስሎ ውስጥ ድንጋይ እንዲህ የሚግለው በዓመት ጥቂት ቀን ስለሆነ ሳልዘጋጅ ያዘኝ። ልጄ ከፊታችን ቀድማ «ኮም ዳ፣ ማሚ»፣ ነይ እንጂ፣ እያለች ትጣራለች። እኔ ግን ከሰላ ደርሻለሁ።

ከሰላ በምሥራቅ ሱዳን ያለች ከተማ ናት፤ በስደት ስንኖርባት ልጅ ነበርኩ። አገሩ በረሃ ነው፤ ሜዳው ልሙጥ፣ አቧራው ማለቂያ የለው። ከዚያ ሜዳ መሃል ግን ድንገት ብድግ ያሉ ትልልቅ ተራሮች አሉ። ዛፍ የላቸው፣ ሣር የላቸው፣ ለስላሳ ድንጋይ ብቻ ናቸው። ልጄ ከጓደኞቿ ጋር የምትወጣው የበረሃ ተራራ ፍለጋ ስልኳ ላይ ተጥዳ ትውልና «ሴ ሄር»፣ ተመልከቺ፣ እያለች የዮርዳኖሱን፣ የኦማኑን ታሳየኛለች። ከሰላን ግን አሁን ማን ያሳያታል፣ ጦርነት ነው።

ያን ጊዜ ዓርብ ዓርብ ፀሐይ በረድ ሲል ግማሹ ከተማ ወደ ተራራው ይወጣ ነበር። ሙሽሮች ሳይቀሩ ከሩቅ እየመጡ፣ እጃቸውን ሂና ተቀብተው ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ታዩዋቸዋላችሁ። ሙሽሮቹን የሚያመጣቸው በተራራው ጉያ ያለችው ቶቲል የምትባል ምንጭ ናት። ከቶቲል የጠጣ ሰው የትም ይሂድ የት አንድ ቀን ተመልሶ ከሰላ ይመጣል ይላል የአገሩ ሰው። እንደ ቀልድ ይናገሩታል፣ ግን አንዳቸውም ሳይጠጡ አይወርዱም።

ወደ ኖርዌይ የምንሄድበት ቀን ሲቆረጥ ጎረቤታችን «ሳልሸኛችሁማ አትሄዱም፣ ዓርብ ቶቲል እንወጣለን» አለች። ግድግዳ የምንጋራት የከሰላ ሴት ናት፤ እኔ እንደ አገሩ ልጆች ኻልቲ፣ አክስቴ ማለት ነው፣ እላት ነበር። ለእናቴ ደግሞ ከእህት አታንስም። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ትንሹ ወንድሜ በወባ ሲሞት መቃብር የሚቆፍሩ ሰዎች ፈልጋ ያመጣችው፣ እናቴን አቅፋ ያደረችው እሷ ናት።

ወንድሜ የተቀበረው ከከተማው ዳር ነው። እናቴ በየሳምንቱ እየሄደች አቧራውን ትጠርግለታለች፣ ጎርፍ የበታተናቸውን ድንጋዮች ታስተካክልለታለች። እንግዲህ እኛ ልንሄድ ነው፣ እሱ ሊቀር ነው። እቤታችን ውስጥ ይህን አፍ አውጥቶ የተናገረ አልነበረም። ግን ሻንጣው በተከፈተ ቁጥር ሁላችንም የምናስበው እሱን ነው።

ዓርብ ጠዋት እናቴ ፀጉሬን እየሠራችልኝ «ከዚያ ውሃ እንዳትቀምሺ» አለችኝ። ለአባቴም ደገመችለት። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ነገር ማክበድ አይወድም፤ «በረዶ አገር ልትወስጂኝ አይደል፣ እስቲ አንዴ ጠጥቼ ልሂድ» አላት።

«ቀልድ አይደለም። ከሄድን ሄድን ነው። እዚህ የሚመልሰን ነገር የለም» አለች። ከዚያ ማበጠሪያውን ፀጉሬ ውስጥ ሰክታ ሻንጣውን ዘጋችው። የሚመልሳት ነገር እንዳለ ሦስታችንም እናውቃለን።

ድንጋዩ በጫማ ስለሚያንሸራትት ጫማችንን በእጃችን ይዘን ነው የወጣነው። ሙቀቱ በውስጥ እግሬ ገብቶ እስከ ጉልበቴ ይሰማኝ ነበር። ከላይ ሲታይ የጋሽ ወንዝ ደርቆ የአሸዋ መንገድ መስሏል፣ ግራና ቀኙ የብርቱካንና የዘይቱን አትክልት ነው፣ ከዚያ ወዲያ በረሃው ዓይን እስኪደክም ይሄዳል። ከታች ከመስጊዱ አዛን ይሰማል፤ የለውዝ ሻጩም ጥሪ አብሮ ይመጣል። አባቴ እንደ ልማዱ እጁን ዘርግቶ «ያውልሽ አገራችን» አለኝ። እናቴ ቀና እንኳ ሳትል «እሱ የፖርት ሱዳን መንገድ ነው» አለችው። እውነቷን ነው፤ አባቴ አገሩን በጠቆመ ቁጥር አቅጣጫ ይሳሳታል።

ምንጯ ዘንድ ስንደርስ ኻልቲ በጣሳ ቀዳች። የሚሄድ ሰውን በገዛ እጇ ካላጠጣች የሸኘች አይመስላትም። አባቴ በሁለት እጁ ተቀብሎ ጥርግ አድርጎ ጠጣና ወደ እናቴ ዞሮ «ጠምቶኝ ነው» አለ። እኔ እናቴን በፍርሃት እያየሁ ከንፈሬን ብቻ አርጥቤ መለስኩ። ከዚያ ተራው የእናቴ ሆነ።

«ዓርብ አይደል፣ ጾም ላይ ነኝ» አለች።

ሌላ ሰው ቢሆን አምኖ ይተዋት ነበር። ኻልቲ ግን ከእኛ ጋር ስትኖር የእኛን ጾምና ፍስክ ከአባቴ አብልጣ አውቃዋለች፤ የዓርብ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደሆነ ማንም አይነግራትም። «ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፉሉን አብረን በላን እኮ» አለቻት። አባቴ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ። እናቴ የምትገባበት ጠፋት።

ኻልቲ ጣሳውን እንደዘረጋች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኔ አለሁለት። ድንጋዮቹን እኔ አስተካክልለታለሁ። አንቺ ግን ጠጪ» አለቻት።

እናቴ ጣሳውን ተቀብላ አንዴ ተጎነጨች። ጉንጯ እንደተነፋ ጣሳውን መለሰች፣ አፏን ገጥማ ፈገግ አለችና ጥላ ወዳለበት ወደ አንድ ትልቅ ድንጋይ ጀርባ ሄደች። ልትተፋው እንደሆነ ገብቶኛል። ስትተፋ አይቼ ለአባቴ ልነግረው፣ ልንስቅባት በቀስታ ተከተልኳት።

ከድንጋዩ ጀርባ ቆማ ወደ ታች ታያለች። ከዚያ ላይ ሆኖ ከአትክልቱ ወዲያ የመቃብሩ ቦታ ይታያል፤ ስም ያለው ነገር አይመስልም፣ ነጫጭ ነገር የተበተነበት ባዶ መሬት ነው። ብዙ ቆመች። ነፋሱ ነጠላዋን ያራግበዋል። በኋላ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ጠረገችና ዞር ስትል አየችኝ፣ «ነይ እንውረድ» ብላ እጄን ያዘች። እግሯ ሥር ያለውን ድንጋይ አየሁት። እዚያ ድንጋይ ላይ ጠብታ እንኳ ቢወድቅ ጥቁር ሆኖ ትንሽ ይቆያል። ድንጋዩ ደረቅ ነበር። ለአባቴም ምንም አልነገርኩትም፤ ሳቄ የት እንደገባ አላውቅም።

ኦስሎ የገባነው በበረዶ ነው። እናቴ ኮሙኑ፣ የከተማው አስተዳደር፣ ሥራ እስኪያገኝላት ቋንቋ ተማረች፣ ከዚያ ጡረታ እስክትወጣ ትምህርት ቤት ስታጸዳ ኖረች። «የሚቀጥለው ሶመር ከሰላ እሄዳለሁ» ማለቷን ግን አላቆመችም። መጀመሪያ ፓስፖርት የለንም ተባለ። ፓስፖርቱ ሲመጣ አባቴ ታመመ። አባቴን ከቀበርን በኋላ ጉልበቷ እምቢ አላት። ኻልቲ በየክረምቱ ጎርፉ ካለፈ በኋላ ትደውላለች፤ «ሄጄ አስተካክዬለታለሁ» ትላታለች፣ እናቴም ያን ቀን ሥራ ስትሠራ ታንጎራጉራለች። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ የኻልቲ ስልክ አይነሳም። እናቴ አሁንም እሑድ እሑድ ትሞክራለች፣ ጥሪው እስኪቋረጥ ጆሮዋ ላይ ይዛው ትቀመጣለች።

ያን እሑድ ከኮረብታው ወርደን እናቴን ቤቷ አስገባናት። ልጄ ወደ ጓደኞቿ ሄደች። እናቴ ሶፋው ላይ እግሯን ጭኔ ላይ ዘርግታ እኔ ጉልበቷን ቅባት እቀባላታለሁ። የሰኔ ብርሃን ሳሎኑን ሞልቶታል፣ ከታች ልጆች ኳስ ሲመቱ ይሰማል። ዕድሜዬን ሙሉ ያልጠየቅኋት ነገር እንዲያው ከአፌ ወጣ።

«እማ፣ የዚያን ቀን ውሃውን ውጠሽዋል አይደል?»

የቱን ውሃ ብላ አልጠየቀችኝም።

«የከለከልኳችሁ ለእሱ ብዬ ነበር» አለች። «ከጠጣን ይመጣሉ ብሎ ይጠብቀናል። ሕፃን ልጅ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ አልወድም።»

እጄ ላይ ቅባት ጨመርኩ።

«አፌ ውስጥ እንደያዝኩት ከላይ ሆኜ ቦታውን አየሁት። መትፋት አቃተኝ» አለች። ወደ መስኮቱ ዞረች። «ይኸው አሁን እየጠበቀኝ ነው።»

ሌላኛውን እግሯን ሳብ አድርጌ መቀባቴን ቀጠልኩ።