በሦስተኛው ገጽ ላይ ያልጻፍኩት ስም

አሥራ አንደኛ ክፍል ስገባ የደረሰኝ የንግድ ክፍል ነበር። የፈለግሁት ሳይንስ ተምሬ ነርስ መሆን ነው። ምደባውን የለጠፉት መምህር ማስታወቂያው ሥር ቆሜ ሳለቅስ አይተው፣ «ታይፕ የምትችል ሴት ሥራ አታጣም፤ ሂጂ ግቢ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እስከ ጡረታዬ ድረስ እንጀራ የበላሁት በታይፕ ነው።

ትምህርት ቤታችን ሆሳዕና ነበር። የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች የሠራው ሕዝቡ ነው። አባቴ ራሱ ከሌሎች የአገራችን የአንጋጫ ሰዎች ጋር የባሕር ዛፍ ግንድ ተሸክሞ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ እንደመጣ ይነግረን ነበር። ኋላ የብሎኬት ሕንፃ ተጨምሮ እንጨት ሥራ፣ ብረታ ብረት፣ እርሻ፣ የቤት አያያዝና ንግድ የሚባሉ ክፍሎች ተከፈቱ፤ ከየገጠሩ የመጣ ልጅ አንድ ሙያ ይዞ እንዲወጣ ተብሎ። እኔ ስደርስ የብረታ ብረቱ ክፍል ተቆልፎ የእህል መጋዘን ሆኗል። የቤት አያያዟ መምህርት ተዛውራ የተተካ ሰው የለም። የፊዚክሱ መምህር ደግሞ አንድ ሰኞ ሳይመጡ ቀሩ። የት ሄዱ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በእሳቸው ክፍለ ጊዜ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ዝም ብለን ተቀምጠን እንወጣ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ በዚያው ትምህርት ቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር። ሁለታችን መናኸሪያው አጠገብ የአንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ባለቤታቸው ለመንግሥት ሥራ ከሰሜን መጥተው እዚሁ የሞቱ ናቸው። እትዬ ነበር የምላቸው። እኛ ጴንጤ ነን፣ እሳቸው ኦርቶዶክስ፤ የእኛ ጸሎት ቤት ታሽጎ በነበረበት ጊዜ ግን እሑድ እሑድ ክፍላችን ውስጥ ድምፃችንን ቀንሰን ስንዘምር፣ ሰው ሲመጣ ሊነግሩን በር ላይ ወንበር አውጥተው የሚቀመጡት እሳቸው ነበሩ። ከቤት ቆጮ ሲላክልን አብረውን ይበላሉ። አንድ ልጅ ነበራቸው፣ የእኔ እኩያ፣ እንጨት ሥራ ክፍል የሚማር። ለመጽሐፋችን መደርደሪያ ሠርቶ የሰጠን እሱ ነው።

የታይፕ መምህራችን ቀጭን፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። ቁልፎቹን ሳናይ እንድንጽፍ እጃችንን በጨርቅ ይሸፍኑብን ነበር። የአማርኛው የጽሕፈት መኪና ፊደሉን በቁርጥራጭ ነው የሚሠራው፤ መጀመሪያ ግንዱ ይመታል፣ ከዚያ ቅጥያው። ከሁሉም በላይ የሚያስጠነቅቁን ማመሳከርን ነው። የጻፍነውን ከዋናው ጋር ጎን ለጎን አድርገን፣ ማስመሪያ ከመስመር መስመር እያወረድን እንድናነብ።

አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ ከአንድ የቀበሌ ሰው ጋር ክፍላችን መጡና ፈጣን የሚጽፉ ሁለት ልጆች ጠየቁ። መምህሩ እኔንና አንዲት ጓደኛዬን አስነሡን። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ስንገባ ሁለት የጽሕፈት መኪናና የማባዣ ስቴንስል ተዘጋጅቷል። የቀበሌው ሰው በእጅ የተጻፈ ወረቀት ለሁለት ከፍሎ ሰጠን።

«የብሔራዊ ውትድርና ነው» አለ። «ከዚህ ቢሮ ወሬ ከወጣ ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ።»

ተማሪ አይነካም ይባል ነበር። ዝርዝሩ ውስጥ ግን የትምህርት ቤታችን ልጆች ነበሩበት። ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ከመካከል ዝቅ ብሎ፣ የወንድሜን ስም ከአባታችን ስም ጋር አገኘሁት። የአባቴን ስም አበላሽተው ነው የጻፉት፤ የከምባታ ስም ሁልጊዜ ያበላሹት ነበር። ምናልባት ሌላ ሰው ይሆናል ብዬ ዕድሜውንና ቀበሌውን አየሁ። እሱ ነው። ጣቶቼ ለአፍታ ቆሙና የሚቀጥለውን ስም መምታት ጀመሩ። አስቤበት ያደረግሁት አይመስለኝም።

ስጨርስ አብረውን የመጡት የታይፕ መምህራችን ሊያመሳክሩ ተቀመጡ። ማስመሪያቸውን ከመስመር መስመር ሲያወርዱ አጠገባቸው ቆሜ አያለሁ። እዚያ መስመር ላይ ሲደርሱ ማስመሪያው ቆመ። ቀና ብለው አዩኝ። ወንድሜን ያስተምሩት ስለነበር ያውቁታል። ከዚያ ማስመሪያውን ወደ ታች አወረዱት።

የቀበሌው ሰው ግን ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ።

«አንድ ይጎድላል» አለ።

በእጅ የተጻፈው ላይ ተሰርዘው እንደገና የተጻፉ ስሞች ስለነበሩ ስህተቱ ከቀበሌው ጸሐፊ የመጣ መሰለው። መልሶ ለማመሳከርም አልፈለገም፤ መሽቶብኛል እያለ ነበር። «ቁጥሩ መሙላት አለበት። ከቀበሌያችን አንድ ፈልጉልኝ» አላቸው ርዕሰ መምህሩን። እሳቸው የተማሪ መዝገብ ከፍተው ጣታቸውን እያስኬዱ ቆዩ። ከዚያ አንድ ስም አነበቡ። የአከራያችን ልጅ ስም ነበር።

«ይሄ እንኳ ለእናቱ አንድ ነው» አሉ ወዲያው፣ ገጹን ሊገልጡ እያሉ።

«ሁሉም ለእናቱ አንድ ነው» አለ ሰውየው። «ጻፊ።»

መምህሩን አየኋቸው። እሳቸው ወደ መስኮቱ ዞረዋል። አፌን ከፍቼ፣ አንድ ስም ዘልያለሁ፣ የወንድሜ ነው፣ ማለት እችል ነበር። ያን ያህል ጊዜ ነበረኝ። ጻፍኩት፤ ግንዱን፣ ከዚያ ቅጥያውን፣ አንድም ፊደል ሳልሳሳት።

ቤት ስደርስ እትዬ ምስር እየለቀሙ ነበር። «ምነው ዛሬ ቆየሽ ልጄ፣ ምሳ አስቀምጬልሻለሁ» አሉኝ። ልጃቸው በረንዳ ላይ እግሩ የተላቀቀ ዱካ ያጣብቃል። በላሁ። ሁለት ቀን ነበረኝ፤ ሁለቱንም ቀን ለልጃቸው ልነግረው እየተነሣሁ ተቀመጥኩ። ከጠፋ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ከተጠየቅሁ ደግሞ ወንድሜ ይገኛል። ለወንድሜም አልነገርኩትም። እንዲያውም ቅዳሜን አንጋጫ ሄደህ እደር ስለው፣ «ማትሪክ ደርሶ ምን አንጋጫ ትይኛለሽ» ብሎ ወደ መጽሐፉ ተመለሰ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ወደ ክፍል እንዳንገባ ተነገረን። በሩ ላይ ሁለት የጭነት መኪና ቆሟል። ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን አንሥተው ማንበብ ጀመሩ፤ እኔ የጻፍኩት ገጽ ነው። የተጠራው ሁሉ እየወጣ ተሰለፈ። የአከራያችን ልጅ ሲጠራ ሌላ ሰው የተጠራ መስሎት ግራ ቀኝ አየ። ከዚያ ወጣ። በእኔ በኩል ሲያልፍ የቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ።

«እማዬ ገበያ ናት፤ በሩን ቆልፌባታለሁ» አለኝ። ሄዶ ተሰለፈ።

ወንድሜ ከተሰለፉት ጓደኞቹ ተለይቶ ሜዳው ላይ ቆሞ ቀረ። ለምን እንዳልተጠራ አልገባውም፤ ማታ ራት ሳይበላ «ከእኔ ክፍል ስንቱ ሄደ» እያለ ብቻ ነበር።

ያን ቁልፍ ለእትዬ ገበያ ድረስ ሄጄ፣ ልጃቸው መወሰዱን ነግሬ ነው የሰጠኋቸው። አልጮሁም። የገዙትን ጎመን ለሻጯ መልሰው ሰጧት። ከማግስቱ ጀምሮ ቀበሌ፣ ትምህርት ቤት፣ አውራጃ እየተመላለሱ ደጅ ጠኑ። ማመልከቻ በታይፕ ካልሆነ አንቀበልም ሲሏቸው ወደ እኔ መጡ። ከትምህርት ሰዓት ውጭ መምህሩ ክፍሉን ከፈቱልኝ። እትዬ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። «ጧሪ የሌለኝ ባልቴት ስሆን» ብለን ጀመርን። በዚያ ዓመት ስንት ማመልከቻ እንደጻፍኩላቸው አላስታውስም። ለአንዱም መልስ የሰጠ የለም። በጨረስን ቁጥር እጄን ይዘው ይስሙኝ ነበር፤ «አንቺ ባትኖሪ ማን ይጽፍልኝ ነበር ልጄ።»

ልጃቸው ከማሠልጠኛ አንድ ደብዳቤ ጻፈ፤ ደህና ነኝ የሚል። ከዚያ ወደ ሰሜን ሄደ ተባለ፤ ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። መምህሩ በዓመቱ ሌላ አገር ተዛወሩ፤ ስለዚያ ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ደርግ ወድቆ የተበተነው ሠራዊት በየመንገዱ እየለመነ ሲመለስ እትዬ ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ ወጥተው ከየአውቶቡሱ የሚወርደውን ያዩ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ማየቱንም ተዉ።

ወንድሜ ማትሪኩ አልመጣለትም። የአንደኛ ደረጃ መምህር ሆነና አግብቶ ወለደ። ትልልቅ ሰዎች ከሆንን በኋላ አንድ ቀን ሁሉንም ነገርኩት። ያመሰግነኛል ብዬ አልጠበቅሁም፤ ግን እንዲህ ይለኛል ብዬም አልጠበቅሁም።

«ማን ለምኖሽ ነው?» አለኝ። «አሁን እኔ ምን ላድርገው ይሄን?»

ከዚያ በኋላ ለበዓል ካልሆነ ቤቴ አልመጣም።

ለእትዬ አልነገርኩም። ሊነግሯቸው የሚገባ ነገር እንደሆነ በየዓመቱ እያሰብኩ በየዓመቱ ሳልነግራቸው ሞቱ። ለቀብሩ ከሰሜን የመጣች የእህታቸው ልጅ ከሁሉም በላይ ሳለቅስ አይታኝ ምናቸው እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ተከራያቸው ነበርኩ አልኳት።