ፒካፓችንን ከፍ ያስደረግንበት ክረምት

ባለቤቴ «መኪናዋን ከፍ ማስደረግ አለብን» ሲለኝ ድንች እየላጥኩ ነበር። ባለፈው ሳምንት ደረስጌ ስንወርድ ሆዷ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ግማሽ ቀን ቆመን ነበር። ኑሯችን በእሷ ነው፤ ከደባርቅ ጨውና ሳሙና ጭነን እንወርዳለን፣ ገብስና ምስር ይዘን ደባርቅ እንመለሳለን። ያ መንገድ ከቀረብን ሌላ የምንበላበት የለንም።

ደባርቅ ጋራዥ ወሰድናት፤ መካኒኩ ከስሯ ገብቶ አይቶ ወጣ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ከፍ ማድረጉስ ቀላል ነው» አለን። «ከኋላ ተደራራቢውን ብረት፣ ባሌስትራውን፣ እጨምራለሁ፣ የፊቱን ሞላ እቀይራለሁ። ግን ከፍ ስትል ለኋላ እግር ጉልበት የሚወስደው ዘንግ ያዘነብላል፤ እሱም መስተካከል አለበት። የፍሬኑም ቱቦ ያጥራል። ሁሉም አንድ ላይ ካልተሠራ ይቅርባችሁ።»

የጠራው ዋጋ አፋችንን አስያዘን።

የባለቤቴ አባት ደረስጌ ነው ያሉት፤ መሪጌታ ናቸው፣ ዜማ እያስተማሩ በሁለት በሬ ያርሳሉ። ስንነግራቸው ሰሙንና በማግስቱ አንዱን በሬ ገበያ ነዱት።

«አባቴ፣ ታዲያ በምን ሊያርሱ ነው?» አልኳቸው።

«ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅቼ አርሳለሁ፣ ልጄ። እናንተ ብቻ ከመንገድ አትቅሩ።»

የበሬው ዋጋ ባሌስትራውንና ሞላውን ገዛ፣ የፍሬኑን ቱቦ ጨመረ፣ እዚያ ላይ አለቀ። ለዘንጉ አልተረፈም። ባለቤቴ «አንድ ሁለቴ እንመላለስና ባገኘነው እናሠራዋለን» አለኝ። መካኒኩን እንደምንም አስማምተን ያለ ዘንጉ አስገጠምን።

ስንወርድ ድንጋዩን ሳትነካ አለፈች። ባለቤቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቅ አየሁት። ከወለሉ ስር ግን የሚንቀጠቀጥ ነገር ነበር፤ ውስጥ እግሬን ይነዝረኛል።

«ይሰማሃል?» አልኩት።

«ይሰማኛል» አለና መንዳቱን ቀጠለ።

ስንመለስ በያዝነው ገንዘብ ሁሉ ገብስ ገዝተን ጭነን ነበር። ዳገቱ መሃል ስንደርስ ከስር አንድ ነገር ጓ! አለ። ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ባለቤቴ ፍሬኑን ረግጦ «ድንጋይ! ድንጋይ አድርጊ!» ብሎ ጮኸ። ዘልዬ ስወርድ መሬቱ ራቀኝና በጉልበቴ ወደቅኩ። እየዳኽኩ ያገኘሁትን ድንጋይ ከጎማው ኋላ ወሸቅኩ። ቆመች። ጎንበስ ብለን ስናይ የዘንጉ መገጣጠሚያ፣ ክሮቼራ የሚሉት፣ ተሰብሯል።

ከዚያ ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ መጣ። ሸራችን ቀዳዳ ነበር። እኔ ጋቢዬን፣ እሱ ጃኬቱን አውልቀን ጆንያውን አለበስነው፤ ምንም አላዳነም። ባለቤቴ መሪው ላይ ተደፍቶ «የአባቴን በሬ በላሁት» እያለ ሲያለቅስ ሰማሁት። እንዳልሰማሁ ሆኜ ፊቴን ወደ ገደሉ አዞርኩ።

በማግስቱ አንድ አይሱዙ በቡይት ራስ በኩል ጎትቶ ደባርቅ አደረሰን። ገብሱ ሞቆ ሸትቶ ነበር፤ ለከብት መኖ ሰጠነው። ክሮቼራውን ብቻ ቢቀይርልን ብለን መካኒኩን ለመንነው። «ዘንጉ ካልተስተካከለ አዲሱም ይሰበራል» አለን። ባለቤቴ ገንዘብ ለማግኘት ለሰሊጥ አረም ወደ ቆላ ወረደ። መኪናዋ እስካሁን ጋራዡ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ተደግፋ ቆማለች።

የመሪጌታ ጎረቤት የራሱን ማሳ አስቀድሞ አረሰ፤ የእሳቸው ዘር ዘገየ። ለአረም ልረዳቸው ስሄድ ቡቃያው ሳስቶ፣ መሬቱ እየታየ አገኘሁት። 

«ልጄ ይደውላል?» አሉኝ።

«ይደውላል፣ አባቴ።»

«በደንብ ይብላ በይው። ቆላ ሰው ይጎዳል።»

ጎንበስ ብለው አረማቸውን ቀጠሉ። እኔም ከጎናቸው ገባሁ።