የአባዬ ፈረንሳይኛ

ጋራዥ በር ላይ ሳልፍ የግራሶ ሽታ ከሸተተኝ፣ አባዬ ከነምድር ባቡር ካፖርቱ ፊቴ ድቅን ይላል። ሚኤሶ ጣቢያ ከፈረንሳይኛ ተናጋሪ አለቆች ሥር ሲሠራ ኖሮ፣ ባቡሩ ሲቆም ጓዙን ጠቅልሎ ጭሮ ከተማ የገባ ሰው ነበር።

ክረምት ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ እኔንና ታላቅ ወንድሜን ዳዊትን አስቀምጦ ያንን ፈረንሳይኛ ያስተምረን ነበር። ትምህርቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ እሱ ወደ አንዳችን ይጠቁማል፣ ሌላው ያ ሰው አሁን የሚያደርገውን ይናገራል። የዳዊት አፍ ስለማያርፍ የእኔ መልስ «ሞን ፍሬር ማንዥ»፣ ወንድሜ ይበላል፣ ነበር። ያለፈው ጊዜ እንዴት ይባላል ስንለው «ባቡሩ ይመጣል፣ ባቡሩ ይሄዳል፤ ለሠራተኛ ይኼ ይበቃዋል» ብሎ ይስቅ ነበር፤ ለካስ ሌላውን እሱም አያውቀውም። እማዬ ጥግ ላይ ማሽላ እየለቀመች «ልጆቼን ከፉርጎ ጋር ልታነጋግራቸው ነው?» እያለች ትቀልድበት ነበር።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ ዳዊት ጅቡቲ ወደብ ሥራ አለ ብሎ ያችኑ ፈረንሳይኛ ስንቅ አድርጎ ሄደ። አባዬ ትምህርቱን አላቆመም፤ ማታ ማታ ወደ ባዶው በርጩማ ይጠቁማል፣ እኔም «ሞን ፍሬር ትራቫይ»፣ ወንድሜ ይሠራል፣ እል ነበር።

በጋው ሳይጋመስ አንድ ማለዳ ጎረቤታችን ሐጂ ዩሱፍ ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ በር ላይ ሲቆም ምን እንደሆነ ልጅም ያውቀዋል።

«ወንድሜ፣ አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ፤ ዳዊት ወደ የመን ሲሻገር ጀልባው ሰጥሟል» አሉ።

አስከሬን ስላልነበረ ፎቶውን አቅፈን አለቀስን። ድንኳኑ በፈረሰበት ምሽት አባዬ፣ ከልማድ ይሁን ከእልህ እንጃ፣ እንደገና ወደ በርጩማው ጠቆመ። አንድም ቀን አብራን ተምራ የማታውቀው እማዬ ከጥግ ሆና «ሞን ፊስ ዶር» አለች፤ ልጄ ተኝቷል። ለካስ ማሽላ ስትለቅም ጆሮዋ እኛ ዘንድ ነበር። አባዬ ካፖርቱን ፊቱ ላይ ስቦ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

ዛሬ ሁለቱም የሉም። በሚኤሶ በኩል የኤሌክትሪክ ባቡር ያልፋል፣ ልጄም ፈረንሳይኛ በስልኳ ትማራለች፤ ያለፈውንም የሚመጣውንም አጣርታ ታውቃለች። በቀደም ዕለት «እማ፣ ወንድም አለሽ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። በእናትና አባቴ ቤት ዳዊት እስከ መጨረሻው ይበላል፣ ይሠራል፣ ይተኛል እንጂ «ነበረ» ተብሎ አያውቅም። እኔ ግን «ነበረኝ» አልኳት፤ ያን ጊዜ ሐጂ ዩሱፍ ዳግመኛ በራችን ላይ የቆሙ መሰለኝ።