ከግድቡ በታች፣ በጾም ወራት

ዓሣ የማጠምደው በብርድ ወራት ብቻ ነው። በሙቀቱ ጊዜ የላስ ቬጋስ ፀሐይ ለሽማግሌ አትሆንም፤ ወንዙም ዳር ጀልባና ሙዚቃ ይሞላዋል። ኅዳር ሲገባ ግን ሰው ይቀንሳል። ያን ጊዜ ባልዲዬን፣ የማጥመጃ ዘንጌንና ታጣፊ ወንበሬን መኪናዬ ውስጥ ከትቼ፣ ከሰፈሬ ከሜሪላንድ ፓርክዌይ ተነሥቼ ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እነዳለሁ። እዚያ ኮሎራዶ ወንዝ ላይ ግድብ አለ። ከግድቡ በታች ውሃው ከተርባይኑ ወጥቶ እየተንከባለለ ይመጣና አንድ ትልቅ ድንጋይ ጋ ሲደርስ ይደክመዋል። ዓሣ የሚቆመው ውሃው ከሚደክምበት ላይ ነው። እኔም እዚያው እቆማለሁ።

ይህን ያስተማረችኝ ቬጋስ አይደለችም። አሜሪካ የገባሁት በሱዳን በኩል በስደተኛነት ሲሆን ያሳረፉን በሰሜን፣ ሳውዝ ዳኮታ በሚባል የበረዶ አገር ነበር። አራት ሆነን አንድ አፓርታማ ውስጥ እንኖራለን፤ አራታችንም የምንሠራው ሥጋ ፋብሪካ ነው። የእኔ ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ የቀረ ነው። እንግሊዝኛ የሚያውቅልን አንደኛው ጓደኛችን ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ምክንያቱ በኋላ ይገባችኋል። ከካርቱም ጀምሮ ደብዳቤ የሚያነብልኝ፣ ስልክ የሚደውልልኝ፣ ከአለቃ ጋር የሚከራከርልኝ እሱ ነው።

የነቢያት ጾም ገባ። ቀኑን ሙሉ የከብት ሥጋ ስንቆርጥ እንውላለን፣ ማታ ዳቦና ድንች በሻይ እንበላለን። ምስር የት እንደሚሸጥ አናውቅም፤ ሽሮ የሚልክልን ዘመድ የለም። እኔ ደግሞ ከካምፕ ጀምሮ ደረቴ ደህና አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት ቢላ እንደያዝሁ ሥራ ላይ ወደቅሁ። አለቃው፣ ሁለተኛ ከወደቅህ እንዳትመጣ አለኝ። ጓደኞቼ ጾሙን ፍታ ብለው ለመኑኝ። እምቢ አልሁ። በስደት ብዙ ነገር ጥያለሁ፤ ጾሜን ግን አልጥልም የሚል ግትርነት ነበረብኝ።

ፋብሪካው ውስጥ አንድ ነጭ ሽማግሌ ነበር። አዘነልንና አንድ ቅዳሜ በመኪናው ሚዙሪ ወንዝ ወሰደን፤ ከግድቡ በታች ሶገር የሚሉትን ዓሣ አሳየን። ደስ አለን፤ ግን ወዲያው ክርክር ተነሣ። ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም? ሁለቱ ይበላል አሉ። እኔ ቄስ ካልነገረኝ አልቀምስም አልሁ። እኛ ባለንበት ቄስ የለም። ያ ጓደኛዬ፣ "እንግዲያው በትልቁ ከተማ ያሉትን ቄስ ደውዬ እጠይቃለሁ" ብሎ ሳንቲሙን ይዞ ወደ መንገድ ስልኩ ሄደ። ሲመለስ ጢሙ ላይ በረዶ ተጋግሯል።

"ተፈቅዷል" አለ። "'በስደትና በሕመም ያለ ሰው ዓሣ ይብላ' ብለዋል።"

በላሁ።

ሶገር ትልቅ ዓሣ አይደለም፤ ክንድ ካከለ ትልቅ ነው። ጀርባው የደረቀ ጭቃ ይመስላል፣ የጀርባው ክንፍ ላይ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስል ጥቁር ነጠብጣብ አለው፣ ዐይኑ የጠርሙስ ስባሪ ነው። ወንዙ ሁሉ በረዶ ሲሆን ከግድቡ በታች ያለው ውሃ አይረጋም፤ ተርባይኑ እየገፋው ይፈሳል፤ ሶገርም ከየቦታው ወደዚያ ይሰበሰባል። የእርሳስ ብረት የታሰረበት መንጠቆ ላይ ትንሽ ዓሣ ትሰካና እስከ ወለሉ ትለቀዋለህ። ስንዝር ታነሣዋለህ፣ ታወርደዋለህ። በቃ። ሌላ ዓሣ ይጎትታል፤ ሶገር በብርድ አይጎትትም። ክርህ ላይ እርጥብ ቅጠል ያረፈ ያህል ይከብድሃል እንጂ። ያቺን ክብደት የማያውቅ ሰው ቀኑን ሙሉ ቆሞ ባዶውን ይገባል። የዘንጉ ቀለበት በበረዶ ሲደፈን ወንዙ ውስጥ ነክረን እናሟሟዋለን። ከግድቡ ውሃ ሊለቀቅ ሲል ሳይረን ይጮሃል። ያኔ ባልዲያችንን አንጠልጥለን ወደ ዳገቱ እንሮጣለን። ጓደኛዬ ከኋላዬ፣ "ሩጥ! ደርግ መጣ!" እያለ ያስቀኝና በረዶው ላይ ያንከባልለኛል።

በዘይትና በሽንኩርት፣ የሜክሲኮ ቃሪያ ዱቄት ጨምረን እንሠራዋለን። በዚያ ጾም ሰው የሆንሁት በሶገር ነው። ከአራታችን ሁለቱ ሞተዋል። የቀረነው ያ ጓደኛዬና እኔ ነን።

ከዓመታት በኋላ እሱ ቀድሞ ቬጋስ ገባ። "ና፣ በረዶ የለም፤ ኦቨርታይም እስክትጠግብ ነው" አለኝ። መጣሁ። እኔ በካዚኖ ወጥ ቤት ሰሃን ሳጥብ አረጀሁ። እሱ ታክሲ ነዳ፣ ልጆቹን አስተማረ፣ ሴንቴኒያል ሂልስ የሚባል ሰፈር ቤት ገዛ። የገብርኤልን ማኅበርም መሠረትን፤ በየወሩ በየቤታችን ተራ ጽዋ እንጠጣለን። ሙሴያችን እሱ ሆነ። ሙሴ የምንለው የማኅበሩን መሪ ነው፤ ጸሎቱን የሚያስጀምር፣ የተጣላውን የሚያስታርቅ፣ ጽዋውን የሚያነሣ። ማንም ሌላ ሰው ይሁን ብሎ አያውቅም። እሱም ከሚስቱ ሞት በኋላ ከዚያ ወንበር የበለጠ የሚወደው ነገር አልነበረውም።

አንድ ነገር ግን ይቆረቁረኝ ነበር። ዓሣ እንሂድ ስለው አንድም ቀን እሺ ብሎኝ አያውቅም። "ሺፍት አለኝ" ይላል። "ጉልበቴን" ይላል። ኋላ መጠየቁን ተውሁ። ትልቅ ሰው ሲሆን ባልዲ መያዝ አፈረ ብዬ በሆዴ ያዝሁት። ቂም ነው ብዬ አላሰብሁም ነበር። ቂም ነበር።

ባለፈው ታኅሣሥ የገብርኤል ጽዋ የእኔ ተራ ሆነ። ሶገር እዚህ የለም። ያለው ጎኑ ላይ መስመር መስመር ያለበት ትልቅ ዓሣና መንግሥት በመኪና እያመጣ የሚያፈሰው ትራውት ነው። ሁለት ቅዳሜ ወንዝ ዳር ውዬ የሚበቃ ያዝሁ።

"ይሄን ዓሣ ብትተወው ምን አለ?" አለችኝ ባለቤቴ። "ምስሩ አለ፣ ሽሮው አለ፣ ጎመኑ አለ። በዓሣ ነገር ሰው ሁሉ አንድ አይደለም።"

"ያስፈቀደው ሙሴያችን ራሱ ነው።"

"እንግዲህ በረንዳ ላይ ጨርሰው። ቤቴን ወንዝ እንዳታደርገው።"

እውነቱን ለመናገር ዓሣውን የፈለግሁት ምግብ አንሶ አይደለም። እሱ በሰው ፊት ዓሣዬን ቀምሶ፣ "በዚያ በረዶ እኛ እኮ በዚህ ነው የተረፍነው" እንዲል ፈልጌ ነው። አንዴ እንዲለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሃያ ያህል ሰው መጣ። ቄሱ ባርከው ወደ ሌላ ቤት ሄዱ። የዓሣውን ወጥ መካከል ላይ አኖርሁት። ካዚኖ ካርድ የምታከፋፍል አንዲት ልጅ ክዳኑን ከፈተችና፣ "ጋሼ፣ ይሄን ከካዚኖው ፏፏቴ ነው ያጠመዱት?" አለችኝ።

"ፏፏቴው ውስጥ ያለው ሳንቲም ነው፤ እሱን አንቺ አጥምጂ።"

ሳቁ። ወዲያው ከጎኗ የተቀመጠው፣ ቀልድ የማያልቅበት ታክሲ ነጂ፣ እጁን ወደ ሰሃኑ ዘርግቶ ቆመና ወደ ጓደኛዬ ዞረ። "ሙሴያችን፣ ግን በጾም ዓሣ ይበላል እንዴ? እርስዎ ይንገሩን።"

ሁሉም እጁን ይዞ ጠበቀ። ጓደኛዬ ሰሃኑን አየ። እኔን አላየኝም።

"አይበላም" አለ፣ ቀስ ብሎ። "የሠራው በፍቅር ነው፣ እግዜር ይስጠው። ግን አይበላም። ለፍስኩ ይቀመጥ።"

ልጅቱ ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። እኔ በሕይወቴ ሰው ላይ ጮኼ የማላውቅ ሰው ነኝ። ያን ቀን ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

"አንተ? ለቄስ ደውለህ ያስፈቀድህልን አንተ አይደለህም? በዚሁ ጾም በሁለት እጅህ የበላህ አንተ አይደለህም? ጭንቅላቱን እንኳ መጥጠህ ነበር የምትጥለው!"

ታክሲ ነጂው ዝም ማለት ቢያቅተው፣ "አቤት! ሙሴያችን ባሕሩን የከፈሉት ለካ ዓሣውን ሊለቅሙ ኖሯል!" አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌዎቹም ሳቁ።

ጓደኛዬ ጽዋውን አስቀመጠ። ነጠላውን አስተካከለ። "ገብርኤል ይጠብቃችሁ" ብሎ ተነሣ። በር ላይ የጫማው ማሰሪያ እምቢ አለው፤ ሳያስር ወጣ። እኔም ደስ አለኝ። ልዋሽ አልችልም፣ ለአንድ አፍታ ደስ ብሎኝ ነበር።

በሳምንቱ፣ ሌላ ሙሴ ምረጡ ብሎ ላከ። ወሬውም ከማኅበሩ ወጣ። ሐበሻ ሱቅ ሽንኩርት ስገዛ ሁለት የማላውቃቸው ሴቶች ስለ "ዓሣ በሊታው ሙሴ" እያወሩ ሲሳሳቁ ሰማኋቸው።

በጥር፣ ከጥምቀት በፊት፣ ወንዝ ዳር ተቀምጬ ሳለሁ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ። ዞር ብል እሱ ነው። ከላይ ፓርክ አድርጎ በቤተ ክርስቲያን ጫማው ድንጋዩን እየፈራ ወረደ።

"ባለቤትህ ናት የነገረችኝ" አለ።

ወንበሬን ለቀቅሁለት። አልተቀመጠም።

"ይይዛል?"

"ዛሬ ሰንፏል።"

ውሃውን እያየ፣ "ያኔ ቄሱን አላገኘኋቸውም" አለ።

"መቼ?"

"ያኔ። ደወልሁ፤ ጠራ፣ ጠራ፣ የሚያነሣ የለም። ሳንቲሜ አለቀ። ስመለስ በመስኮት አየሁህ። ብርድ ልብስ ተከናንበህ ግድግዳ ተደግፈሃል። ሬሳ ነበር የምትመስለው። 'አላነሡም' ብልህ አትበላም፣ አውቅሃለሁ። 'ተፈቅዷል' አልሁ።"

በዚህ መካከል ክሬ ከበደ። ያቺ የእርጥብ ቅጠል ክብደት። አላነሣሁትም።

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን እንዴት አትነግረኝም?"

"ምን ብዬ? በቄስ ስም ዋሽቼ የሦስት ሰው ጾም አስፈታሁ። ኋላ ተናዘዝሁ፣ ቀኖናዬንም ፈጸምሁ። ዓሣውን ግን በዚያው ተውሁት፤ ማንም ተው ብሎኝ አይደለም። ካንተ ጋር እዚህ ብመጣ ደግሞ ሠርተህ ብላ ትለኛለህ። ምን እልሃለሁ?"

"ለማኅበሩ ልንገራቸው። ለእኔ ነፍስ ብለህ ነው።"

"እንዳትነግር!" አለ፤ ያኔ ብቻ ድምፁ ከፍ አለ። "ዓሣ በላ ይበሉኝ። በቄስ ስም ዋሸ ከሚሉኝ እሱ ይሻላል።"

እጄን ያዝ አድርጎ ለቀቀና ዳገቱን ወጣ። ክሩን ብስበው መንጠቆው ባዶ ነው።

ያን ወር ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እውነቱን እንዳልናገር ከልክሎኛል፤ ዝም ብል ወንበሩን ያሳጣሁት እኔ ነኝ። በሚቀጥለው ጽዋ፣ እሱ በሌለበት፣ ተነሥቼ ቆምሁ።

"ባለፈው የተናገርሁት ስህተት ነው" አልኋቸው። "በጾም ዓሣ የበላው ሌላው፣ የሞተው ጓደኛችን ነው። ሙሴያችን በአፉም አልዞረ። ዕድሜ ነው፣ ሰው ተምታታብኝ።"

የሞተ ሰው ላይ አላከክሁ። ይጠይቁኛል ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። አንድም የጠየቀኝ የለም። የካርዷ ልጅ ትከሻዬን እየዳበሰች፣ "አይዞዎት ጋሼ፣ አባቴንም መርሳቱ እንዲህ ነው የጀመራቸው" አለችኝ። ታክሲ ነጂው ዐይኑ እንባ ሞላ፤ በማግሥቱ ሽማግሌ ይዞ ሴንቴኒያል ሂልስ ሄደና ይቅርታ ጠይቆ መለሰው።

ጓደኛዬ አሁን በወንበሩ ነው። ጽዋ ሲያነሣ ድምፁ እንደ ድሮው ነው። ለእኔ ሲሰጠኝ ጽዋውን ያያል እንጂ ፊቴን አያይም። ስልክም አይደውልም። ምን እንደዋሸሁለት ያውቃል፤ እኔም ምን እንደዋሸልኝ አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የሚወራ ነገር አጣን።

ባለቤቴን ደግሞ፣ ብቻቸውን ወንዝ ዳር አይልቀቋቸው ብለዋታል። መኪና ስነዳ የማኅበሩ ልጆች እየደወሉ የት ደረሱ ይሉኛል። መድኃኒቴን መዋጤን ይጠይቁኛል። ይህን ጽሑፍ ከማኅበሩ ሰው አንዱ ቢያነበው እንኳ አያምነኝም፤ የጻፍሁትም ስለዚህ ነው፤ እሱን አይጎዳውም።

ባለፈው ወር ጽዋ ላይ ስለ በረዶ ወሬ ተነሣና፣ ተምታታብኝ ማለቴን ረስቼ ገባሁበት። ከግድብ በታች ያለ ውሃ እንደማይረጋ፣ ሶገር ክር ላይ እንዴት እንደሚከብድ፣ ሳይረኑ ሲጮህ ባልዲ ይዘን ዳገት ለዳገት ስንሮጥ እንደነበረ አወራሁ። ልጅቱ ታክሲ ነጂውን በዐይኗ ጠቀሰችው። "እሺ ጋሼ" አለችኝ፣ ሕፃን እንደሚያባብሉ። "እሺ፣ ሮጣችሁ።"

ወደ ጓደኛዬ ዞርሁ። በዚያ በረዶ ከእኔ ጋር የሮጠ፣ በሕይወት ያለ ሰው እሱ ብቻ ነው። ሁሉም እሱን አዩት። ሰሃኑ ላይ አቀረቀረና፣

"ሽሮው ጨው አንሶታል" አለ።