ለልጅ ልጅ የተቀመጠ ድምፅ

እህቴን በመሥሪያ ቤቷ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። «መስመር» ነው የሚሏት። የውሃ መሥሪያ ቤቱን ስልክ የምታነሣው እሷ ነበረች፤ ዕድሜዋን እዚያች መስኮት የሌላት ክፍል ውስጥ፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ነው የጨረሰችው። ውሃ የጠፋበት ሰው የሚደውለው ደኅንነት ሊጠይቅ አይደለም። ስድቡን አዘጋጅቶ ነው። እሷ ታዲያ «አቤት ጌታዬ፣ እየሰማሁዎት ነው» ስትለው ስድቡን አፉ ውስጥ ይረሳዋል። አንዳንዱማ ውሃው ከመጣለት በኋላ መልሶ ይደውላል፤ ለምን ቢባል፣ እንዲሁ። ባሏንም ያገኘችው በዚሁ ነው። ቤቱ ቧንቧ የፈነዳበት አናጢ ነበር። ቧንቧው ከተሠራ በኋላም መደወሉን አላቆመም።

ድምፅዋ ምን ይመስል ነበር ብትሉኝ መናገር አልችልም፤ ቆሽቴን የሚያሳርረኝ ይኸው ነው። ቀጭን አይደለም፣ ወፍራምም አይደለም። ስትጠራችሁ በጣም የተፈለጋችሁ ይመስላችኋል። ለእኔ ከዚያው ማህፀን የደረሰኝ ድምፅ ደግሞ ዘይት ያጣ በር ሲከፈት የሚሰማው ዓይነት ነው። አብሬያቸው ስለምኖር እቤት ስልክ ሲጮህ ማንም እንዳነሣው አይፈልግም ነበር።

ከዚያ ጉሮሮዋን ያማት ጀመር። መጀመሪያ ብርድ ነው አልን፣ ቀጥሎ የወሬ ብዛት ነው ብለን ቀለድንባት። ሐኪሙ ግን ማንቁርቷ ካልወጣ እሷም አትተርፍም አለ። ከወጣ ደግሞ ከእንግዲህ መናገር የለም። እህቴ ይህን ስትሰማ ስለ ራሷ አንድ ቃል አልተናገረችም። «የልጄን ልጅ ታዲያ በምኔ ልጠራው ነው?» ብቻ አለች። ልጇ ያን ጊዜ ገና ሙሽራ ናት፤ እርግዝና የሚባል ነገር አልነበረም።

አናጢው ዝምተኛ ነው፤ ሚስማር በከንፈሩ ይዞ መዋል የለመደ ሰው ምን ያወራል። ዘዴውን ያመጣው ግን እሱ ነው። ልጃቸው ኮሌጅ ሳለች የተማረችበትን አሮጌ ላፕቶፕ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና፣ ከቀዶ ጥገናው በፊት በነበሩት ቀናት ሁሉ ከሰዓት በኋላ የሚስቱን ድምፅ ቀዳ። ንግግር ያደረገች እንዳይመስላችሁ። ላልተፀነሰ ልጅ ትጣራለች። «ና ወደ አያትህ፣ ነይ ወደ አያትሽ» ትላለች፤ ወንድ ይሁን ሴት ስለማይታወቅ ሁለቱንም። እሹሩሩ ትላለች። «ከዚያ ደረጃ ላይ ውረድ፣ ትወድቃለህ» ብላ ትቆጣለች። መሃል ላይ ሳል ሲይዛት አናጢው ያቆምና ውሃ ይሰጣታል። እኔ ከበሩ ወዲህ ሆኜ የታጠፈ ልብስ ደግሜ አጥፍ ነበር።

ከሆስፒታል ስትወጣ የምትተነፍሰው አንገቷ ላይ በተከፈተላት ቀዳዳ ነው። ላዩን በስስ ሻሽ ትሸፍነዋለች። ንግግሯ በጣቷ ሆነ፤ ጠረጴዛ ወይም ግድግዳ አንዴ ስታንኳኳ «አዎ» ነው፣ ሁለቴ ስታንኳኳ «አይ» ነው። የቀረውን በዓይኗና በእጇ ትጨርሰዋለች። ስትስቅ ጭኗን ትመታለች። እኛም ለመድነው፤ ሰው የማይለምደው ነገር የለም መቼም።

ድምፅዋ የት ነበር? ቁም ሣጥን ውስጥ። እኛ ቤት ጥሩ ነገር አይነካም። ጥሩው ብርጭቆ ለእንግዳ ተብሎ ይቀመጣል፤ እንግዳው ሲመጣ ደግሞ ይሰበርብናል ተብሎ በሌላው ይቀዳለታል። ላፕቶፑም እንደዚያው ሆነ። አናጢው በፎጣ ጠቅልሎ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አኖረውና ቆለፈበት፤ ቁልፉን በሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቀለው። ልጅቷ አንድ ቀን «አባዬ፣ በፍላሽ ኮፒ እናድርገው እንጂ» ብትለው፣ «የሚስቴ ድምፅ በየሰው እጅ አይዞርም» አላት። በዚያ ዓመት የተናገረው ረጅሙ ንግግር ይሄ ሳይሆን አይቀርም። ልጁ ሲወለድ ይከፈታል ተባለ፣ ሁላችንም ተስማማን።

ልጅቷ አረገዘች። ባሏ ራቅ ያለ አገር ሥራ ላይ ስለነበር እኛው ጋ ነው ያለችው። ሆዷ ገፋ ሲል «ሆድ ውስጥ ሆኖም ይሰማል አሉ፤ እማዬን ከአሁኑ ይልመዳት» አለችና ላፕቶፑ ወረደ። እህቴ ፀጉሯን አበጥራ፣ አዲስ ሻሽ አስራ መጥታ ተቀመጠች። ልጅቷ ማብሪያውን ተጫነችው። መብራቱ በራ። ከዚያ ከላፕቶፑ ሆድ ውስጥ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ነገር መጣና ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ወጣ።

«ምን ይላል?» አልኳት።

«ዲስኩ አልተገኘም ይላል፣ አክስቴ።»

«እንዴት አልተገኘም? ይኸው ፊታችን ተቀምጦ የለም እንዴ?»

ልጅቷ እጇን ከላፕቶፑ ላይ አነሣች። ፊቷን ሳየው ነገሩ መበላሸቱ ገባኝ። እህቴ ግን ፈገግ እንዳለች ነበር፤ ገና የሚጀምር መስሏታል።

ኮምፒውተር የሚጠግነውን ሰው ሰፈሩ «ዶክተር» ይለዋል። ሱቁ ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ናት፤ ሰው በወጣና በወረደ ቁጥር ጣሪያው ይንጓጓል። ሁላችንም ይዘንለት ሄድን። ላፕቶፑን አበራና ጆሮውን ለጠፈበት፤ ወዲያው አጠፋው።

«ይህ የምትሰሙት ውስጡ ያለችው መርፌ ናት» አለ። «ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለውን የምታነበው እሷ ናት፣ ተጎድታለች። ተመሳሳይ ዲስክ ካገኘሁ ከዚያ መርፌዋን ነቅዬ ልሞክር እችላለሁ። ቃል ግን አልገባም።» ከዚያ አንድ በአንድ አየንና፣ «ብቻ እስክጠራችሁ ድረስ እንዳታበሩት። በበራ ቁጥር መርፌዋ ዲስኩን እየፋቀች ነው የምትሄደው። የተፋቀ ደግሞ አይመለስም» አለ።

«እኔው ጋ ይቆይ» ቢል አናጢው እምቢ አለ፤ በፎጣው ጠቅልሎ በብብቱ ያዘው። ዶክተሩም «እንደፈቀዱ» አለና ተወው።

ተመሳሳዩ ዲስክ ቶሎ አልተገኘም። ዓይነቱ ከገበያ ከወጣ ቆይቷል። እኔ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ደረጃው ሥር አጎነብስና «ምነው ዶክተር?» እላለሁ፤ እሱ ራሱን ይነቀንቃል። እቤት የላፕቶፑን ነገር የሚያነሣ ጠፋ። ሁሉም ሰው ቁም ሣጥኑ አጠገብ ሲደርስ እርምጃውን ቀስ ያደርጋል፣ በሽተኛ የተኛበት ይመስል። ቀን ቀን አናጢው ሥራ፣ ልጅቷ ቢሮ፣ እኔም ልብስ ከምሰፋበት ሱቅ ነን፤ እህቴ ብቻዋን ትውላለች። ስንመለስ ቤቱ ተጠርጎ፣ እሷ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ እናገኛታለን። «ደህና ዋልሽ?» ስላት የመስኮቱን ደፍ አንዴ ታንኳኳለች።

በመጨረሻ ዶክተሩ ተገኘ ብሎ ደወለ። አራታችንም ሄድን፤ ሱቋ ስለማትበቃን የእኔ ግማሽ አካል ውጭ ነበር። ብሎኖቹን ፈታና ክዳኑን አነሣ። እንደ መስታወት ማብራት ያለበት ዲስክ ላይ ሰፊ ግራጫ ቀለበት ወጥቶበታል፣ ጥጉ ላይ ጥቁር ብናኝ ተከማችቷል። ዶክተሩ ስንጠብቀው የከረምነውን ሌላውን ዲስክ መልሶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። አንጀቴ የቆረጠው ያን ጊዜ ነው።

«ስንት ጊዜ ነው ያበራችሁት?» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም።

«ማን ያበራዋል?» አልኩ፣ ደሜ ፈልቶ። «ስትነግረን ሰምተን የለም ወይ? ተቆልፎበት ነው የከረመው።»

ልጅቷ ሆዷን ይዛ ማልቀስ ጀመረች። «እኔ አንዴ ብቻ ነው፣ አክስቴ። ምናልባት እንዲሁ ይነሣልኝ እንደሆነ ብዬ።»

አናጢው ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔም» አለ፣ ወለሉን እያየ። «ገበያ የሄዳችሁ ዕለት።»

እኔ አልነካሁትም፤ ጨዋ ሆኜ ሳይሆን በየት በኩል እንደሚበራ ስለማላውቅ ነው። ሁለቱም ላይ ስድብ ላወርድ አፌን ስከፍት እህቴ የሱቁን ጠረጴዛ አንኳኳች። አንዴ። እሷም አንዴ ነካሁት ማለቷ መሰለኝ። ቀጠለች። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ዓይኗን ከዲስኩ ላይ ሳታነሣ፣ በዚያው በላፕቶፑ ምት፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ብቻዋን የዋለችባቸውን ቀኖች እየቆጠረችልን ነበር። እኛ ስንወጣ ታወርደዋለች፣ ታበራዋለች፣ ከዚያ ጠቅታ በኋላ ድምፅዋ ይመጣ እንደሆነ ትጠብቃለች፣ ታጠፋና በፎጣው ጠቅልላ ትመልሰዋለች። ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። አናጢው እጇን ይዞ እስኪያስቆማት ድረስ ማንኳኳቷን አልተወችም።

ልቆጣት አልቻልኩም። የራሱን ድምፅ የናፈቀ ሰው ምን ይባላል? አናጢው ላፕቶፑን እንደገና በፎጣ ጠቅልሎ ይዞት መጣና እዚያው መደርደሪያ ላይ አኖረው። በዚህኛው ጊዜ አልቆለፈበትም።

ልጅቷ ሴት ወለደች። ሕፃኗ ስታለቅስ ሰፈር የምታነቃ ናት። እህቴ ታቅፋት አፏን ትከፍታለች፣ ከንፈሯ እሹሩሩ ይላል፤ የሚወጣው ግን በአንገቷ በኩል የትንፋሽ ፉጨት ነው። ሕፃኗ ትደነግጥና ለቅሶው ይብስባታል። ያን ጊዜ እህቴ ለእናቷ ትሰጣትና ወደ መስኮቷ ትመለሳለች።

አንድ ቀን ልጅቷ፣ «አክስቴ፣ አንቺ እንደ እማዬ አድርገሽ ጥሪልኝ። እህቷ አይደለሽ?» አለችኝ።

«በዚህ ድምፄ? ልጅሽን አጉል ልታስደነግጫት ነው» አልኩና ልቀልድ ሞከርኩ። አልሳቀችም። ሕፃኗን ተቀብዬ ጉሮሮዬን ጠራረግሁና፣ በተቻለኝ መጠን አለስልሼ «ነይ ወደ አያትሽ» አልኳት። ሕፃኗ ዝም አለች። ልጅቷም እንባዋ ሞልቶ አየችኝ። እህቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ ታዳምጣለች።

«እንዲህ ነበር?» አልኳት።

የመስኮቱን ደፍ ሁለቴ አንኳኳች።

ዝግ አድርጌ ደገምኩት። ሁለቴ አንኳኳች። ልጅቷ «ተይው በቃ፣ አክስቴ» አለችኝ። እኔ ግን እልህ ያዘኝና ደጋግሜ ጠራሁ፣ አንዴ ቀጠን፣ አንዴ ወፈር እያደረግሁ። እህቴ ተነሥታ መጣችና መዳፏን አፌ ላይ አደረገች።

ያን ቀን አልገባኝም ነበር፤ ቅናት መስሎኝ ተቀይሜያት ዋልኩ። ኋላ ብቻዬን ሆኜ ድምፅዋን ላስታውስ ስሞክር የመጣልኝ ያ የእኔ ማስመሰል ነው። ሌላ ጊዜ ሞከርኩ፤ ያው እሱ መጣ፣ ከፊተኛው የባሰ። አሁን የተረፈውንም እንዳልፍቀው ብዬ ላስታውሰው መሞከሩን ትቻለሁ።