ረጅሙ ዱዓ

መካነ ሰላም ከተማ፣ ሻይ ቤት ተቀምጬ የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችንን ጨዋታ በቴሌቪዥን አያለሁ። በረኛዋ መዳፏን ዘርግታ ዱዓ ስታደርግ አያቴ ትዝ አሉኝ።

እኔም የትምህርት ቤታችን በረኛ ነበርኩ። ለዞኑ ቡድን ምርጫ ደሴ የሚወስደን ሚኒባስ ማለዳ መናኸሪያ ቆሟል። ጫማዬን በፌስታል ይዤ ከወጣሁ በኋላ፣ ሳልመረቅ መሄድ ፈራሁና ተመለስኩ። አያቴ መዳፋቸውን ዘረጉ።

«አላህ እጅሽን ያበርታው፣ መንገዱን ያቅናልሽ...»

ለጉልበቴ፣ ለሹፌሩ፣ ለመኪናው ጎማ ሳይቀር ዱዓ አደረጉ። እኔ አሚን ስል የሚኒባሱ ጡሩምባ ይሰማኛል። ሮጬ ስደርስ አቧራው ብቻ ነበር።

ቤት ስመለስ አያቴ «ኸይር ነው ልጄ» አሉኝ። ሆን ብለው አስረዝመውት እንደሆነ ሳልጠይቃቸው ሞቱ።

በረኛዋ ፊሽካው ሳይነፋ ዱዓዋን ጨርሳ ፊቷን አበሰች።